ከመርፌው በኋላ ያለው ሌሊት፦ ሀኪም ልብ አንጠልጣይ ሲጽፍ ምን ይደብቅ?

የመነሻ ጽሑፍ

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ ወዳጆች። ሀኪም ነኝ። አብዛኛውን ዕድሜዬን ጎጃም ውስጥ ተላላፊ በሽታ ሳክም ኖሬያለሁ። ወባ፣ ቲቢ፣ ተስቦ፣ ግርሻ፣ ካላዛር፣ ኤች አይ ቪ። አሁን የሌሊት ተረኝነት ትቻለሁ። ባሕር ዳር ተቀምጬ ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ልብ አንጠልጣይ የምንለውን ዓይነት። መርማሪው ሀኪም ነው፤ ገዳዩ ደግሞ በሽታ።

የመረጥኩት በሽታ ግርሻ ነው። ከሩቅ አገር የመጣ፣ ስም ያልወጣለት ቫይረስ አልፈጠርኩም። በሕይወቴ ልቤ ከሁሉ በላይ የተንጠለጠለበት ሌሊት በእንደዚያ ዓይነት ቫይረስ የመጣ አይደለምና። በቅማል ንክሻ የመጣ ነው።

ሌሊቱን ላውጋችሁ። ነሐሴ ነበር። ዝናቡ አላቋረጠም። አንድ የቆሎ ተማሪ በቃሬዛ መጣ። አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ያመጡት የኔታ ራሳቸው ናቸው፣ ከሦስት ተማሪዎች ጋር። ልጁ ደበሎውን እንደለበሰ ነው፤ አኮፋዳው ከትከሻው አልወረደም። ትኩሳቱ ከሳምንት በፊት ጥሎት ለቆት ነበር። ዳንኩ ብሎ ቁራሽ ልመና ወጣ። ከዚያ ተመልሶ ጣለው። የበሽታው ስም ራሱ ይናገራል። የደሙን ስላይድ በማይክሮስኮፕ አየነው። በደም ሴሎቹ መሃል እንደ ተጠማዘዘ ክር ያሉ ቀጫጭን ነገሮች ተሰግስገዋል። በሽታው ታወቀ። መድኃኒቱ በእጃችን አለ። ፔኒሲሊን ወጋነው።

ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ልጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የብረት አልጋው ከግድግዳው ጋር እየተጋጨ ቋ፣ ቋ ይላል። ትኩሳቱ ከበፊቱ በላይ ወጣ። ይህ የሚጠበቅ ነገር ነው። መድኃኒቱ ተህዋስያኑን በአንድ ጊዜ ሲፈጃቸው ሰውነት እንዲህ ይቆጣል። በሕክምናው ጃሪሽ ኸርክስሃይመር ይባላል። ቀጥሎ የደም ግፊት ይወርዳል። በነዚያ ሰዓታት ታማሚው ከተጋደመበት መነሳት የለበትም። ከቆመ ሊወድቅ፣ ሊሞትም ይችላል። ይህን እኔ አውቃለሁ። የኔታ አያውቁም። አልነገርኳቸውም። መርፌው እንደተሰጠ ወደ ሌላ ዋርድ ተጠርቼ ሄድኩ።

የኔታ ያዩት አንድ ነገር ነው። ልጃቸው ታሞ መጣ፣ ተወጋ፣ ይኸው ሊሞት ነው። ስለዚህ ጠበል ሊወስዱት አስነሱት። ግቢው በር ላይ ከዘበኛው ጋር ሲጨቃጨቁ ልጁ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ሮጬ ስደርስ የእጁን የደም ምት ብፈልግ አጣሁት። እዚያው እርጥብ መሬት ላይ አጋደምነው። እግሩን ከፍ አድርገን ግሉኮስ ከፈትንለት። እንዲሁ እንደተቀመጥን ነጋ። ጠዋት በሶ አምጡልኝ አለ።

ልጁ ዳነ። የታመሙ ሌሎች ተማሪዎች ግን እንደነበሩ ሰማን። ጠበቅናቸው፤ አልመጡም። መርፌው ይገድላል የሚል ወሬ ቀድሞን ደርሶ ነበር።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸውላችሁ። ልብ አንጠልጣይ ጸሐፊ የሚመጣውን ነገር ይደብቃል። ሙያው ነው። ሀኪም ደግሞ የሚመጣውን አስቀድሞ መናገር አለበት። ያን ሌሊት ሳልናገር ቀርቻለሁ። በመጽሐፌስ? አንባቢው ከመርፌው በኋላ የሚሆነውን አስቀድሞ ይወቅ ወይስ እንደ የኔታ ይደንግጥ?

የመጡት መልሶች

በሁለት ቀን ውስጥ 23 መልስ ተጻፈ፤ የራሴም አለበት። ቃል በቃል አልገለብጣቸውም። ያሉትን ግን በየተራ ላጫውታችሁ።

1ኛውን የጻፈችው ደብረ ማርቆስ ውስጥ መጽሐፍ የምትሸጥ እህት ናት። በጣም ጨዋ መልስ ነው። ከኮሮና ወዲህ ደንበኞቿ ሽፋኑ ላይ ጭምብል ያለበት መጽሐፍ ሲያዩ ፊታቸውን እንደሚያዞሩ ነገረችኝ። ልጁ በሶ የጠየቀበትን ቦታ ስታነብ ግን ዓይኗ እንባ አቅርሯል። መጽሐፉ ሲወጣ ከጀርባው ላይ የበሽታውን ስም ሳይሆን የየኔታን ነገር እንዳስጽፍ መከረችኝ። ይህን ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ።

2ኛው መልስ እርማት ነበር፤ ትክክለኛ እርማት። የጻፈችው ፍኖተ ሰላም የምትሠራ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። በቅማል ንክሻ ማለቴን አልወደደችውም። ግርሻ በንክሻ አይተላለፍም። ተህዋስያኑ ያሉት በቅማሏ ሰውነት ውስጥ ነው። ሰው ሲያከክ ወይም በጥፍሩ ሲጨፈልቃት ፈሳሹ በተቧጨረ ቆዳ ይገባል። ቅማሏም የራስ ቅማል አይደለችም፤ የልብስ ቅማል ናት፤ በስፌት መጋጠሚያ ውስጥ የምትደበቀው። እንዲህ ያለ ዝርዝር ካሳሳትኩ የሙያ ሰው መጽሐፉን ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ እንደሚዘጋው አስጠነቀቀችኝ። እውነቷን ነው። ለማቅለል ብዬ ነበር የጻፍኩት። እንዲያውም ትክክለኛው ለታሪኩ ይበልጥ ይጠቅማል። ልጁን ያሳመመው ራሱን ከተባይ ለማጽዳት ያደረገው ነገር ነው ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ጭካኔ እኔ ከልቤ ልፈጥር አልችልም።

3ኛው መልስ አጭርና ጎምዛዛ ነው። የጻፈው ሰው በአንተ ነው የጠራኝ። ቅማል ልብ እንደማያንጠለጥል፣ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ከላቦራቶሪ ስላመለጠ ቫይረስ፣ ስለ አውሮፕላንና ስለ ስለላ ለሚነግረው ታሪክ እንደሆነ ነገረኝ። ፔኒሲሊን የሚያድነው በሽታ ለታሪክ አይበቃም ባይ ነው።

ለዚህ እኔ ሳልመልስ ሌላ ሰው መለሰለት። 4ኛው ጸሐፊ የሞጣ መምህር ናቸው። የሊቦ ከምከምን ነገር አመጡ። ጎጃም አይደለም፤ ጣናን ተሻግሮ ደቡብ ጎንደር ነው። ነገሩ በ1997 ዓ.ም. የሆነ ነው። ሰው በረጅም ትኩሳት ይከሳል፣ ሆዱ ያብጣል፣ ይሞታል። መጀመሪያ የተጠረጠረው መድኃኒት የተላመደ ወባ ነበር። የወባ መድኃኒት ተሰጠ፤ ሰው አልዳነም። በመጨረሻ የታወቀው ካላዛር መሆኑ ነው። ያን ያህል ጊዜ የተሳሳተውም ካላዛር የመተማና የሁመራ ቆላ በሽታ ነው ተብሎ ይታሰብ ስለነበር ነው። ደጋው ላይ ማን ይጠብቀዋል? መምህሩ 3ኛውን ሰው በትሕትና ጠየቁት፤ ከዚህ በላይ ምን ልብ አንጠልጣይ ይፈልጋል? በእሳቸው ሐሳብ አስፈሪው ነገር በሽታው መታወቁ ሳይሆን በስህተት መታወቁ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አስቤዋለሁ።

5ኛው መልስ ከዚሁ የቀጠለ ነው። ወንድሙ ሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ጣፊያው አብጦ የተመለሰ ሰው ነው የጻፈው። ወንድሙ ድኗል። የማይረሳው ነገር ቢኖር ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ድምፅ የሌላት መሆኗ ነው አለን። ትንኝ ስትመጣ ትሰማለህ። እሷ ግን ከትንኝም ታንሳለች፤ ትነክስሃለች እንጂ አትሰማትም።

6ኛው መልስ ላይ የውይይት ክሩ ድምፅ ተለወጠ።

የጻፈው ሰው ልጅነቱን በምሥራቅ ጎጃም ቅኔ ቤቶች ያሳለፈ ነው። ተቆጥቷል። ከተሜው ስለ ቆሎ ተማሪ ሲጽፍ ሁልጊዜ ቅማሉን ብቻ እንደሚያይ ጻፈ። ደጃፍ ላይ ቆሞ በእንተ ስማ ለማርያም ሲል ውሻ የነከሰው፣ በዝናብ ጎጆ ውስጥ ስድስት ሰባት ሆነው ተቃቅፈው ያደሩ፣ ሌሊት ተነስተው ቅኔ ሲቆጥሩ ያነጉ ልጆች ናቸው። ለሀኪሙ ግን ተህዋስ ተሸካሚዎች ሆነው ቀረቡ። ስለ የኔታም ጠየቀኝ። መሃይም አድርጌ ላሳያቸው ነው ወይ? መጽሐፍ በሙሉ በቃላቸው የሚያውቁ ሰው ናቸው። ያላወቁት አንድ ነገር ነው፤ እሱንም ያልነገርኳቸው እኔ ነኝ። በመጨረሻ፣ ይህን በሽታ መርጬ ስጽፍ ማንን እንደማሳፍር እንዳስብ ጠየቀኝ።

ይህን ሳነብ ኮምፒውተሩን ዘግቼ ወጣሁ። ጣና ዳር እስኪመሽ ተቀመጥኩ። የምመልሰው አጥቼ ነው።

የመለሰለት ሌላ የቀድሞ ተማሪ ነው፣ 7ኛው። እሱም በልጅነቱ ግርሻ ይዞት ተወግቷል። አንቀጥቅጦት ድኗል። ወንድሜ እያለ ነው 6ኛውን የጠራው። አሳፋሪው ቅማሉ እንዳልሆነ፣ የሚለወጥ ልብስና የሚታጠብበት ሙቅ ውሃ ማጣቱ እንደሆነ ጻፈ። ይህ ካልተጻፈ ደግሞ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ከዚያ ያላሰብኩትን ነገር አነሳ። በቅኔ ወርቁ ከሰሙ ውጭ የተቀበረ አይደለም። እዚያው ሰሙ ውስጥ፣ እዚያው ቃል ውስጥ ነው ያለው። ሰሚው ሁሉ ነገር በእጁ አለ፤ የሚጎድለው ማስተዋል ነው። ባለቅኔው ቃሉን ቢደብቅ ቅኔው ቅኔ አይሆንም። ልብ አንጠልጣይም እንዲህ መጻፍ አለበት ባይ ነው። ሁሉን አስቀምጥለት፣ ራሱ ያግኘው።

ከዚህ በኋላ ወሬው ሄደ። 8ኛው የዋሸራን ቅኔ ቤት አመሰገነ። 9ኛው ጎንጅን ካላነሳህ ስለ ቅኔ አላወራህም አለ። 10ኛው ዋድላን ጨምሮ ከወሎ ገባ። 11ኛው የመድረኩ አስተባባሪ ነበር፤ ወደ ጉዳያችን እንመለስ ብሎ በአክብሮት ለመነ። ለቅኔ ቤቶቹ ሌላ ክር ተከፍቷል፤ እዚያ ቀጥለዋል።

12ኛው ሽማግሌ አባት ናቸው፤ የጻፈላቸው የልጅ ልጃቸው ነው። የህዳር በሽታን፣ ያን የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ፣ አነሱ። ህዳር 12 ቀን ቆሻሻ የሚቃጠለው፣ ህዳር ሲታጠን የምንለው፣ የዚያ በሽታ መታሰቢያ መሆኑን ወጣቱ እንዲያውቅ ፈለጉ። የልጅ ልጁ ዓመቱን 1918 ብሎ ጻፈው። 13ኛው ሰው አላለፈውም። ያ የፈረንጅ ቁጥር ነው፤ በእኛ 1911 ዓ.ም. ነው ብሎ አረመው። ድምፁ ትንሽ ሻከር ያለ ነበር፤ እርማቱ ግን ልክ ነው። በሁለት አቆጣጠር መሃል የኢትዮጵያ የወረርሽኝ ታሪክ ስንት ጊዜ እንደሚደበላለቅ እኔም በሥራዬ አይቻለሁ።

14ኛዋ ምሥራቅ ጎጃም የምትሠራ ነርስ ናት። አንድ ልመና አቀረበች። በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ዝሆኔ ያለበት ሰው እንዳስገባ። የደጋው ዝሆኔ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የሚመጣው ቀዩን አፈር ለዓመታት በባዶ እግር ከመርገጥ ነው። ጫማና የእግር መታጠቢያ ውሃ ብዙ ያድናል። ሰው ግን ይሸሻቸዋል። ቡና አያጠጣቸውም። ለልጃቸው ጋብቻ የሚጠይቅ ይጠፋል። እሷ ያለችው ይህ ነው፤ ሰዉ ሁሉ ከተሳሳተው ታማሚ ሲሸሽ እውነተኛው ተላላፊ በሽታ በሌላ በር ይገባል። እህቴ፣ ይህን ሐሳብ ከአንቺ ወስጄዋለሁ። መጽሐፉ ሲወጣ የምስጋናው ገጽ ላይ ታገኚዋለሽ።

15ኛው የእንስሳት ሀኪም ናቸው። አባ ሰንጋን ለሁለተኛ መጽሐፍ አቆይልኝ አሉ። የታመመ በሬ ሳይሞት ይታረድና በቅርጫ ይከፋፈላል፤ ተህዋሱ ደግሞ አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። በአንድ ቀን መንደሩ ሁሉ ሥጋ ተካፍሏል። አጭር ነው የጻፉት፤ ያስፈራል።

16ኛው ሀኪምነትና ደራሲነት አብረው የኖሩ ሙያዎች መሆናቸውን አስታወሰ። ሩሲያዊው ቼኾቭ በ1892 እ.ኤ.አ. ኮሌራ ሲመጣ ለገበሬዎች ሀኪም ሆኖ ሠርቷል። ኮናን ዶይል መርማሪውን ሼርሎክ ሆምስን የቀረጸው በሕክምና መምህሩ በዶክተር ጆሴፍ ቤል አምሳል ነው። አዲስ አበባ የተወለደው አብርሃም ቨርጊስ ደግሞ እንደኔው የተላላፊ በሽታ ሀኪም ነው። 17ኛው ይህን አንብቦ ጎጃም ደራሲ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋትም ሲል ጻፈ። ሐዲስ ዓለማየሁ ከደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም ተወልደው በቤተ ክህነት ትምህርት ነው የጀመሩት። ሁለቱም ለማበረታታት የጻፉት ስለሆነ አመሰግናቸዋለሁ።

18ኛው ግን የሙያ ባልደረባዬ ናቸው። ድምፃቸው የፈተና ጠያቂ ድምፅ ነበር። ታማሚው ሳይፈቅድ ታሪኩን ለሕዝብ ማውራቴን ጠየቁ። ስም አለመጥራቴ አልበቃቸውም። በአንድ ወረዳ ውስጥ በዚያ ዓመት በቃሬዛ የመጣ የቆሎ ተማሪ ስንት ነው? የኔታን የሚያውቅ ሰው ቢያነበውስ? ሀኪም ወደ ድርሰት ሲዞር መሐላው አብሮት እንደሚዞር አሳሰቡኝ።

19ኛው የራሴ መልስ ነው። ለባልደረባዬ የመለስኩት ይህን ነበር። ወሩን፣ የልጁን ዕድሜና አንዳንድ ነገሮችን ለውጫለሁ። ሆስፒታሉንና ወረዳውን አልጠራሁም፣ አልጠራምም። ልጁን ግን አልጠየቅኩትም። የት እንዳለ አላውቅም። የኔታን ጠይቄያቸዋለሁ። ያኔ፣ ልጆቹ ሳይመጡ ሲቀሩ፣ ከአንድ ነርስ ጋር በርሜልና ሳሙና ጭነን ወደ ቅኔ ቤቱ ሄድን። መጀመሪያ ያደረግኩት ይቅርታ መጠየቅ ነው። ከዚያ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ከመርፌው በኋላ የሚሆነውን በሰዓት በሰዓት ነገርኳቸው። የኔታ እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ስጨርስ የታመሙትን ራሳቸው አስነሱልኝ። በርሜሉ ውስጥ ልብስ ስንቀቅል ዋልን። ስንለያይ፣ ይህን ለሌሎችም ንገር አሉኝ። መጽሐፉ የጀመረው ያኔ ይመስለኛል። ባልደረባዬ ይህን አንብበው ሌላ አልጨመሩም፤ የመውደድ ምልክት ብቻ አስቀመጡ።

ለዋናው ጥያቄ በቀጥታ የመለሱት የመጨረሻዎቹ ናቸው። 20ኛው የመጽሐፍ አርትዖት የሚሠራ ሰው ነው። ደብቅ አለ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው እንዲሉ፣ መንቀጥቀጡ አንባቢውን ባልጠበቀው ሰዓት መምታት አለበት። ሀኪሙ በዚያች ሰዓት ከክፍሉ መውጣቱ ለድርሰት የተዘጋጀ ስጦታ ነው ብሎ ያምናል። 21ኛዋ፣ ያችው የዝሆኔዋ ነርስ፣ ተመልሳ መጣች። ከአንባቢዎቹ አንዱ አንድ ቀን በእንደዚያ ያለ አልጋ አጠገብ ሊቀመጥ እንደሚችል ጻፈች። ያን ቀን ያነበበው ነገር ታማሚውን አጋድሞ እንዲያቆየው እንጂ አስነስቶ እንዲሮጥ ማድረግ የለበትም። ለአርታኢው የተናገረችው ጠንከር ይላል፤ በሰው ድንጋጤ መጫወትን በሆስፒታል ስላየችው ይበቃታል። እሱም ተቆጥቶ ድርሰት የጤና ትምህርት አይደለም አላት።

22ኛው፣ የሞጣው መምህር፣ ሁለቱን አረጋጉ። ልጆች ተረት ሲሰሙ አስተውሉ አሉ። ጅቡ ከበሩ ጀርባ መቆሙን ልጁ ቀድሞ ያውቃል። የማታውቀው ፍየሏ ናት። ልጁ የሚጮኸው ስላወቀ ነው። እንግዲህ ከመርፌው በፊት ለአንባቢው ንገረው፤ ለየኔታ አትንገራቸው። ያኔ አንባቢው በየገጹ፣ ኧረ አንድ ሰው ይንገራቸው እያለ ይጨነቃል።

ከአርታኢው ጋር አልተስማማሁም። ምዕራፉን ያን ሌሊት እንደገና ጻፍኩት። ሀኪሙ በመኪና ሲመጣ ለተማሪ ሀኪሞቹ ስለ መንቀጥቀጡ፣ ስለ ግፊቱ፣ ስለ መጋደሙ ያስረዳል። አንባቢው ይሰማል። ከዚያ መርፌው ይሰጣል፣ ስልክ ይጠራል፣ ሀኪሙ ይወጣል። ረቂቁን በግል ለአንድ ሰው ብቻ ላክሁት፤ ለ6ኛው።

23ኛው መልስ የእሱ ነው። ቁጣው ከነጭራሹ አልበረደም፤ ማስመሰል አልፈለገም። ምዕራፉን ግን ሁለት ጊዜ አንብቦታል። ደበሎው ሲረጥብ የሚሸተውን ሽታ ልክ አግኝተኸዋል አለኝ። አኮፋዳው የሚንጠለጠልበትን አስተካከለልኝ። ከዚያ አንድ ስህተት ጠቆመኝ። በምዕራፌ ውስጥ የኔታ ልጁ ሲንቀጠቀጥ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ይህ ሊሆን እንደማይችል ጻፈ። የሚያውቃቸው የኔታዎች ሁሉ በዚያች ሰዓት ዳዊት ይደግማሉ፤ ድምፅ ባያወጡም እንኳ።

ረቂቁን ከፍቼ ያን ቦታ ፈለግኩት። ልክ ነው። ከአልጋው ግርጌ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር።